“ጊጋ ጊጋ ነው” ተባልኩ

ሲቀላ ላይ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ሴቻ እስክትደርሱ ስለ ዳታ ሳትሰሙ ከወረዳችሁ እድለኛ ናችሁ። ባለፈው ሳምንት የጫነኝ ልጅ ስልኩን መሪው ላይ አስሮ እያየ “መምህር፣ ማታ ሞልቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ አልቋል። ተኝቼ ነው የበሉኝ!” አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት ደግሞ “የእኔ ልጅም እንደዚሁ ይላል፤ ካርድ ስጪኝ እያለ ሊገድለኝ ነው” ብለው ተቀላቀሉ። ማን በላው ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ሳቀና “ማን ይበላል፣ ቴሌ ነዋ!” አለ። የያዘው ሲም ግን በ07 የሚጀምር ነበር። አገራችን ውስጥ ሁሉም የኢንተርኔት አቅራቢ “ቴሌ” ነው፤ ሁሉም የጠፋ ሜጋባይት ደግሞ የተሰረቀ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሰልቺ ሆነውብኛል። የመጀመሪያዎቹ ምንም ሳይቆጥሩ “ሌቦች” የሚሉት ናቸው። ሁለተኛዎቹ ኮምፒውተር ትንሽ የነካኩ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ዋይፋይ ላይ ሆነው “ችግሩ የራስህ ስልክ ነው፣ ሴቲንግህን አስተካክል” እያሉ የሚያላግጡት ናቸው። አንደኛው ወገን ማስረጃ የለውም። ሁለተኛው ግማሽ ማስረጃ ይዞ ሙሉ ፍርድ ይሰጣል። እኔ ሁለቱንም ለማናደድ አንድ ወር ሙሉ ቆጠርኩ።

እንዴት እንደቆጠርኩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ዳታ በሞላሁ ቁጥር ሰዓቱን፣ የገዛሁትን መጠንና ያኔ ስልኬ ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ጻፍኩ። ቀሪ ሂሳብ የሚገልጽ መልእክት በመጣ ቁጥርም እንዲሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ቆጣሪ ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም። አንድሮይድ ስልክ በመተግበሪያ ለይቶ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማን ምን ያህል እንደበላ ይመዘግባል። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ “የውሂብ አጠቃቀም” የሚል ታገኛላችሁ። ውሂብ! አርባ ምንጭ ውስጥ “ውሂብ አለቀብኝ” የሚል ሰው ካገኛችሁ አሳዩኝ። “ውሂብ ቆጣቢ”፣ “የጀርባ ውሂብ” የሚሉትን ያየ ሰው ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ መስሎት ይዘጋዋል። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ሰው ዳታ የሚለውን ዳታ ቢሉት ግን ምን ነበረበት?

ሁለት ነገር ወዲያው አስቸገረኝ። አንደኛው፣ የስልኩ ቆጣሪ የሚያውቀው ወርን ነው። “ዑደትህ በየወሩ በስንት ቀን ይጀምር?” ይላል፤ በፈረንጅ ቀን። እኛ ግን የምንገዛው የ24 ሰዓት፣ የሳምንት፣ ወይ ከገዛንበት ሰዓት የሚቆጠር የ30 ቀን ጥቅል ነው። ደመወዛችን በኢትዮጵያ ወር ይመጣል፣ ጥቅላችን በራሱ ሰዓት ይሞታል፣ ስልኩ በጎርጎርዮስ ወር ያዳምራል። ሦስት የቀን መቁጠሪያ በአንድ ኪስ! በቀን የሚቆጥር ስልክ ያለው ሰውም አይዳንም። ስልኩ ቀን የሚለውጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ነው፤ ጥቅሉ ደግሞ ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተገዛ ነው። ደብተር ካልያዛችሁ በቀር ሁለቱን ማገናኘት አትችሉም።

ሁለተኛው ላፕቶፑ ነው። በስልኬ ሆትስፖት ነው የምጠቀመው። ስልኩ ሆትስፖትን በአንድ ድምር ይጽፈዋል እንጂ ላፕቶፑ ውስጥ ማን እንደበላው አያውቅም። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የራሱ አለው፤ ኔትዎርክስና ግላስዋየር የሚባሉም አሉ። እነዚህ ውስጥ ጠለቅ ያለውን ሴቲንግ ካልነካችሁ ቁጥሩ ይዋሻል። ለምሳሌ የውስጥ ኔትወርክን ከድምሩ እንዲያወጣ ካላዘዛችሁት፣ ላብ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተቀዳ ፊልም የኢንተርኔት ፍጆታ ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ አገልግሎት ማዕከል የሄደ ሰው ተስቆበት ቢመለስ አይገርመኝም።

ወሩ አለቀ። የስልኬ ቆጣሪ 11.2 ጊጋ አለ።

ከዚህ ውስጥ 4.1 የአጫጭር ቪዲዮ ነው። ይህን አምናለሁ፤ ልጄም እኔም አይተነዋል። ቴሌግራም 2.6። ላፕቶፑ በሆትስፖት 2.3። የመተግበሪያ አፕዴት 0.9። የቀረው 1.3 የልዩ ልዩ ነው።

አሁን ሁለተኛዎቹ ወገኖች እጃቸውን እያሻሹ እንደሆነ ይታየኛል። ልክ ናችሁ፣ አብዛኛው የራሴ ስልክ ነው። ግን ትንሽ ታገሱኝ። የላፕቶፑ 2.3 ጊጋ በሁለት ሌሊት የወረደ የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ዊንዶውስ ማንኛውንም ዋይፋይ ሲያገኝ፣ የስልክ ሆትስፖትም ቢሆን፣ ገደብ የሌለው መስመር ያገኘ ይመስለዋል። “ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው” ብሎ የሚነግረው ቁልፍ አለ። ግን ሦስት ገጽ ውስጥ ገብቶ፣ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ፣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ፕሌይ ስቶርን “በማንኛውም ኔትወርክ አውርድ” ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም፤ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ይሆናል፣ ወይም የገዛ ልጄ። ቴሌግራምስ? ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ቴሌግራም፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ በሞባይል ዳታም ቢሆን ፎቶና አነስተኛ ቪዲዮ ራሱ ያወርዳል፤ ጣታችሁን ስታሳልፉ ቪዲዮው ራሱ ይጀምራል። ከ2.6ቱ ግማሽ ያህሉ እኔ ያልከፈትኩት ነው። ተቀላቅዬ የረሳኋቸው ቻናሎች የላኩት።

ደምሩት፤ 4.5 ጊጋ ያህል። ከወሩ ፍጆታ 40 ከመቶውን አላዘዝኩትም፣ አላየሁትም፣ ከፍዬበታለሁ።

እዚህ ላይ “የራስህ ስልክ ነው” የሚለው መልስ ምን ያህል ሰነፍ እንደሆነ ይታያል። ስልኩ የእኔ ነው፤ ሴቲንጉ ግን የእኔ አይደለም። ሴቲንጉን ያስቀመጠው ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውሃ በወር አንዴ ተከፍሎ የሚፈስበት አገር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ለእሱ 500 ሜጋ ምንም አይደለም። ቦንኬ ወይም ካምባ ውስጥ ካርድ በሳንቲም ቆጥራ ለምትገዛ እናት ግን 500 ሜጋ ማለት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ከሚሠራ ልጇ ጋር የምታደርገው የሳምንቱ ሁለት የቪዲዮ ጥሪ ነው። ጥሪው መሃል ላይ ሲቋረጥ ማንን እንደምትወቅስ አታውቅም። ጨንቻ ተራራው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ኔትወርኩ ሲደክም ቪዲዮው ግማሽ ወርዶ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። የወረደው ግማሽ ግን ተቆጥሯል። ደካማ መስመር ላይ ያለ ሰው ላንድ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። በመስመሩ ድክመት የተቀጣው ደንበኛው ነው።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቁ። ግቢ ዋይፋይ ሲጨናነቅ በስልክ ዳታ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጨርሱ ልጆች ናቸው። አንዱ የውሃ ምህንድስና ተማሪ “ጋሼ፣ እኔ ዳታ የማበራው ፋይል ለመላክ ብቻ ነው፤ ልኬ አጠፋለሁ፤ ግን ባበራሁት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሌላው ሁሉ ተሻምቶ ይጨርሰዋል” አለኝ። በትክክል ገልጾታል። ዳታ ተዘግቶ ሲቆይ የተጠራቀመው ሁሉ፣ የአፕዴቱ፣ የምትኬ ፎቶው፣ የቻናሉ ቪዲዮ፣ በሩ በተከፈተ ቅጽበት ይጋፋል። የጀርባ ዳታን የሚዘጋውን ቁልፍ አሳየሁት። አራት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማረ ልጅ ነው፤ ማንም አሳይቶት አያውቅም። እሱ ካላወቀው የላንቴ ሙዝ ገበሬ ከየት ይወቀው?

ደግሞም ይህ ሊስተካከል የማይችል ነገር አይደለም። የቴክኖ ስልኮችን የሚያመርተው ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም ኖሯል። እዚህ ለሚሸጥ ስልክ የአማርኛ ኪቦርድ መጫን ከተቻለ ዳታ ቆጣቢውን አብርቶ መሸጥ ለምን አይቻልም? ሲቀላ ያሉት የስልክ ሱቆችም እንዲሁ። ስልክ ሲሸጡ መስታወት በነጻ ይለጥፋሉ፣ ዘፈን ይጭናሉ፣ የፌስቡክ አካውንት ሳይቀር ይከፍታሉ። አምስት ደቂቃ ጨምረው የጀርባ ዳታውንና ራስ በራስ ማውረዱን ቢዘጉ ገዢው ሌላ ደንበኛ ይዞላቸው ይመጣል።

እስካሁን ያልኩት ለመጀመሪያዎቹ ወገኖች ነው። ትልቁ ሌባ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ እሱን ሳትይዙ የኩባንያ በር ላይ አትጩኹ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ያኛው የደብተሬ ዓምድ፣ ከኩባንያው መልእክቶች ያዳመርኩት፣ 11.9 ጊጋ ይላል። ስልኩ 11.2፤ ኩባንያው 11.9። ልዩነቱ 0.7 ጊጋ ነው። ከስድስት ከመቶ ትንሽ ይበልጣል።

ተሰረቅኩ? አላውቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይህ “አላውቅም” ነው።

ልዩነቱን የሚያመጡ ንጹሕ ምክንያቶች አሉ። ስልኮቹ ራሳቸው “አገልግሎት ሰጪህ የሚቆጥረው ከዚህ ሊለይ ይችላል” የሚል ማሳሰቢያ ከቁጥሩ ጋር ያስቀምጣሉ። መንገድ ላይ ጠፍቶ እንደገና የተላከ መረጃ በአንዱ ቆጣሪ ላይ ይገባል፣ በሌላው ላይ ላይገባ ይችላል። ማጠጋጋት አለ። ከሁሉም በላይ ግን የመለኪያው ጉዳይ አለ። አንዱ ሶፍትዌር ጊጋን 1000 ሜጋ ይለዋል፣ ሌላው 1024። ሜጋውንም፣ ኪሎውንም እንዲሁ። እነዚህ ተባዝተው ጊጋ ላይ ሲደርሱ ልዩነቱ ሰባት ከመቶ ገደማ ይሆናል። የእኔ ልዩነት እዚያው አጠገብ ነው! ምናልባት ማንም አልሰረቀኝም፤ ምናልባት ሁለት ቁና ነው የተጠቀምነው።

ስለዚህ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የአንድ ቅርንጫፍና የአንዲት ሠራተኛ ጉዳይ እንዲሆን አልፈልግም። ወረፋዬን ጠብቄ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። “እህቴ፣ እናንተ አንድ ጊጋ የምትሉት ስንት ሜጋ ነው?” አልኳት። ልጅቷ ትሁት ናት፤ አልተቆጣችም። “ጋሼ፣ ጊጋ ጊጋ ነው” አለችኝ። አይደለም እኮ፣ 1000 ነው ወይስ 1024 አልኳት። ጎን ያለውን ልጅ ጠየቀች፤ እሱም ኃላፊውን ጠየቀ፤ ኃላፊው “ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው” አለ። እሺ፣ ባለፈው ወር በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ስንት እንደተቆረጠብኝ አትሙልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሰጡ ነገሩኝ። ቀሪዬን እንዴት እንደማይ ግን ሊያሳዩኝ ፈቃደኛ ነበሩ።

ቀሪዬን አውቃለሁ። *804# ብሎ ቀሪውን የማያይ ኢትዮጵያዊ የለም። የሚነገረን የቀረው ነው እንጂ የሄደው የት እንደሄደ አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ባንክ ሄዳችሁ “ቀሪህ ይህ ነው፤ መቼና እንዴት እንደወጣ ግን አንነግርህም” ብትባሉ ገንዘባችሁን እዚያ ታስቀምጣላችሁ?

የመብራት ቆጣሪ እኔ ግድግዳ ላይ ነው። ቆጣሪ አንባቢው ካልመጣ፣ ወይም የተጋነነ ቢል ካመጣ፣ “ና ቁጥሩን አብረን እንይ” እለዋለሁ። የውሃውም እንዲሁ በረፋዬ ጥግ ነው። ላንቴ ላይ ሙዝ ሲመዘን ገበሬው ሚዛኑ ፊት ይቆማል፤ ነጋዴው መጋረጃ ጀርባ መዝኖ “ይህን ያህል ኪሎ ነው” ቢለው ሙዙን ጭኖ ይመለሳል። ከምንገዛው ነገር ሁሉ ሻጩ በራሱ ቤት፣ በራሱ ሚዛን፣ ገዢው በሌለበት መዝኖ ቀሪውን ብቻ የሚነግረን ዳታን ነው። እኔ እጅ ላይ ያለው ቆጣሪ ደግሞ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ቃሉ አይሰማም። ስልክህ ነው የተሳሳተው ይሉሃል። ሊሆን ይችላል! ግን የእናንተው ትክክል መሆኑን ማን አየው?

ጋሞ ውስጥ ለተወለደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ዱቡሻ ላይ ክስ ሲመጣ ከሳሹም ተከሳሹም በአደባባይ ይሰማሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፣ ተጨባጩ ነገር እስኪወጣ ይቆያሉ። ተከሳሹ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ጸሐፊ የሚሆንበት ዱቡሻ አይታወቅም።

መልሶቹን ሰምቻለሁ፤ በየተራ ልመልሳቸው። “የምትጠቀምበት መተግበሪያ የተመሰጠረ ስለሆነ የት እንደበላህ ማየት አንችልም።” እሺ፤ እሱን አልጠየቅኩም። የት እንደሄደ ስልኬ ይነግረኛል። እኔ የምጠይቀው ሰዓቱንና መጠኑን ነው፤ ሰኞ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ 84 ሜጋ። ይህንን ሳይመዘግቡ ሂሳብ መቁረጥ አይችሉም፤ ስለዚህ አላቸው። “ወጪ አለው።” በወረቀት አትስጡኝ፤ ሁለቱም ኩባንያዎች መተግበሪያ አላቸው፣ ቴሌብር በእያንዳንዱ ብር እንቅስቃሴ ላይ ታሪክ ይይዛል። ለአምስት ብር ዝውውር ታሪክ የሚይዝ ቤት ለአምስት መቶ ሜጋ መያዝ አያቅተውም። “ስንት ሰው ያነበዋል?” የመብራት ቆጣሪንም ብዙ ሰው በየቀኑ አያነብም። ማንበብ የሚችል መሆኑ ነው ቆጣሪ አንባቢውን የሚያስጠነቅቀው። “ያልተገደበ ጥቅል ግዛ።” ይህን የሚሉት ጋር መከራከር አልፈልግም፤ ዋጋውንና የመምህር ደመወዝን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩት።

አንድ የማይነሳ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ አገሩ በሙሉ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን እያንዳንዱን እሽግ በሌላ እሽግ ጠቅልሎ ስለሚልክ ለዚያው ቪዲዮ ተጨማሪ ዳታ ይበላል። ያን ትርፍ ማን ከፈለው? እኛ። የቆዩ ስልኮች ላይ ደግሞ ቆጣሪው ሁሉንም በቪፒኤኑ ስም ስለሚጽፈው በእነዚያ ወራት ማን ምን እንደበላ ለማወቅ መሞከር ከንቱ ነበር። ጓደኛዬ ቪፒኤኑን እስከ ዛሬ አላጠፋውም፤ “ዳታ ይሰረቃል” ከሚሉት ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

ስለ ዋጋ ስንጮህ ኖረናል። ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ በ43 ከመቶ ቀነሰ ሲባል አጨበጨብን። መስከረም 2017 ላይ ጭማሪ ሲመጣ ተንጫጫን። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ውድድር ዋጋ ያወርዳል አልን። ሁሉም ልክ ነው። ግን ዋጋ ማለት በአንድ መለኪያ የሚከፈል ብር ነው፤ መለኪያው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ዋጋው ረከሰም ተወደደም ማለት አይቻልም። ጤፍ በ“ኩንታል” ገዝታችሁ ኩንታሉ ስንት ኪሎ እንደሆነ ባትጠይቁ ሚስታችሁ ከቤት ታስወጣችኋለች።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል። ሥራው ፈቃድ መስጠት ብቻ አይደለም፤ የተጠቃሚውን መብት መጠበቅም ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። ይህ አዋጅ ስለ እኔ የተያዘ መረጃን የማየት መብት ይሰጠኛል፤ አስፈጻሚውም ያው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በእኔ ስልክ ቁጥር፣ በእኔ ስም፣ በየትኛው ሰዓት ስንት ሜጋ እንደተጠቀምኩ የሚናገር መዝገብ የእኔ የግል ዳታ ካልሆነ የማን ነው? ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕግ ሰው የሆናችሁ ተከታዮች ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ካልተሳሳትኩ ግን መስኮቱ ላይ “አንሰጥም” ያለኝ ሰው የከለከለኝ ሞገስ አይደለም፤ መብት ነው።

ሌላ አገር አይደረግም ወይ ለምትሉ፣ ደቡብ አፍሪካን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 “ዳታ መስት ፎል” ብለው በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሱ፣ ዳታ ይውረድ ማለታቸው ነው። ጩኸቱ በጩኸት አልቀረም። ተቆጣጣሪው አካል፣ ኢካሳ የሚሉት፣ ደንብ አውጥቶ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው። ደንበኛው ከጥቅሉ 50 ከመቶ፣ ከዚያ 80፣ ከዚያ 100 ሲደርስ ሊነገረው ይገባል። ጥቅሉ ሲያልቅ ደንበኛው ካልፈቀደ በቀር በመደበኛ ታሪፍ መቁረጥ አይቻልም። ያልተጠቀመበትን ዳታ ወደሚቀጥለው ጊዜ የማዛወር ምርጫም ሊሰጠው ይገባል። ይህንን ያገኙት “ሌቦች” በማለት ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚፈልጉ ለይተው በመጠየቅ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌሊት ጥቅሉ አልቆ ዋናው ሂሳብ እየተላጨ ያደረ ሰው ጠዋት ፌስቡክ ላይ ይሳደባል፣ ሃምሳ ሰው ይስቅለታል፣ ካርድ ገዝቶ ይሞላል።

ከኩባንያዎቹ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ጊጋ ስንት ሜጋ እንደሆነ ጥቅሉ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ቁጥር ነው፣ መስመር አይሞላም። የ90 ቀን የአጠቃቀም መዝገቤ በሰዓትና በመጠን መተግበሪያው ውስጥ ይታየኝ፤ ስማርት ስልክ የሌለውም መስኮት ላይ ጠይቆ ይቀበል። ዋናው ሂሳቤ ካልፈቀድኩ አይነካ። ባለሥልጣኑ ደግሞ የቆጣሪዎቹን ትክክለኛነት በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ያውጣ። ቤንዚን ማደያ ሲመረመር አይተናል፤ የዳታ ማደያው ለምን ይቀራል? ምርመራው “ኩባንያዎቹ ንጹሕ ናቸው” ቢል እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ እሆናለሁ፤ ባጃጅ ውስጥም እሟገትላቸዋለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱ። ዳታ ቆጣቢውን አብሩ፣ ከዚያ የግድ ሁልጊዜ መሥራት ያለባቸውን ሁለት ሦስት መተግበሪያዎች ብቻ ፍቀዱ። ቴሌግራም ላይ “ዳታና ማከማቻ” ገብታችሁ በሞባይል ዳታ ራሱ ማውረዱንና ቪዲዮ ራሱ መጀመሩን ዝጉ፤ አዎ፣ የእኔንም ቻናል ጨምሮ። ላፕቶፕ ያላችሁ የሆትስፖታችሁን መስመር በልክ የሚከፈልበት አድርጉት። የመጨረሻ ገደብ የሚያስቀምጠውን ቁልፍ ፈልጉት፤ ከልኩ ትንሽ ቀደም ብሎ ዳታውን ራሱ ይዘጋላችኋል፣ ዋናው ሂሳባችሁም ይተርፋል። ከዚያ ደብተር ያዙ። ቁጥር ያልያዘ አቤቱታ ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወሬ ነው።

እኔ ሴቲንጉን ካስተካከልኩ ሁለተኛ ወሬን ጀምሬያለሁ። የባጃጁ ልጅም ጀምሯል፤ የመጀመሪያ ሳምንት ውጤቱን አሳይቶኝ ተሳስቀናል፣ ሌሊት “የበሉት” የጨዋታ አፕዴት ሆኖ ተገኘ። የእኔን የ0.7 ጊጋ ጥያቄ ግን አልተውኩትም። የደብተሬን ቅጂ አያይዤ ለኩባንያው በጽሑፍ፣ ግልባጩን ለባለሥልጣኑ እልካለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለበት፤ ጊጋችሁ ስንት ነው፣ መዝገቤን ስጡኝ። መልስ ሲመጣ እንዳለ እዚህ እለጥፈዋለሁ። ካልመጣም ደብዳቤው የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም እለጥፋለሁ።